በዋቢ ሲቆጠር፦ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤዎች ከሮም እስከ አዲስ አበባ

ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ በታሪክ፣ በቋንቋ፣ በሥነ ሰብ፣ በሥነ ጥበብና በሌሎችም ዘርፎች ኢትዮጵያን የሚያጠኑ ሰዎችን በየጥቂት ዓመቱ የሚያሰባስብ መድረክ ነው። በ1959 በሮም ተጀምሮ በ2022 በአዲስ አበባ 21ኛ ዙሩ ላይ ደርሷል (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። እያንዳንዱ ጉባኤ ሲያልቅ ከንግግሩና ከክርክሩ የሚተርፈው አብዛኛውን ጊዜ የታተመው ጥራዝ ነው። ስለዚህ ጉባኤው በእውቀት ላይ ያሳደረውን ተጽዕኖ ለመመዘን ከሚያገለግሉት መንገዶች አንዱ በጥራዙ የወጡትን ጽሑፎች በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ስንት ጊዜ በግርጌ ማስታወሻና በዋቢ ዝርዝር እንዳስገቧቸው መቁጠር ነው። ለኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤዎች ግን ይህ ቆጠራ ከጥናቶቹ ጥራት ይልቅ ጥራዞቹ መቼ፣ የት፣ በምን ርዕስና በማን ስም እንደታተሙ የሚያሳይ ሆኖ ይገኛል።

የቆጠራው ጥበብ ራሱ ከጉባኤው ይቀድማል። በአሜሪካ ሼፐርድ የተባለ አሳታሚ ከ1873 ጀምሮ ለጠበቆች ያዘጋጀው መዘርዝር አንድ የፍርድ ቤት ውሳኔ በኋለኞቹ ውሳኔዎች የት የት እንደተጠቀሰ ያሳይ ነበር። በ1927 ግሮስ እና ግሮስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የአንድ የኬሚስትሪ መጽሔት ዋቢዎችን ቆጥረው፣ አቅሙ ውስን የሆነ የኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት የትኞቹን መጽሔቶች ቢገዛ እንደሚሻለው ለማሳየት ሞከሩ። ዩጂን ጋርፊልድ በ1955 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ የማጣቀሻ መዘርዝር ሐሳቡን አቀረበ። ሐሳቡን የወሰደው ከጠበቆቹ መዘርዝር ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በፊላደልፊያ ያቋቋመው ድርጅት ያሳተመው የመጀመሪያው የሳይንስ ማጣቀሻ መዘርዝር የ613 መጽሔቶችን ዋቢዎች ይዞ ነበር። የማኅበራዊ ሳይንስ መዘርዝር በ1973፣ የሰብዓዊ ጥናቶች መዘርዝር ደግሞ በ1978 ተከተሉት።

ጉባኤዎች በዚህ አሠራር ውስጥ የገቡት ዘግይተው ነው። የጋርፊልድ ድርጅት በ1978 ስለ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ጉባኤዎች ማውጫ ማሳተም ቢጀምርም፣ ጽሑፎቹ ማንን እንደጠቀሱ ለመፈለግ የሚያስችለው የጉባኤ ማጣቀሻ መዘርዝር የቀረበው በ2008 ነበር። በዚያው ዓመት ሊዜ፣ ላሪቪየርና አርሻምቦ የተባሉ ሦስት ካናዳውያን ባወጡት ጥናት በተፈጥሮ ሳይንስና በምህንድስና ከሚደረጉ ማጣቀሻዎች ሁሉ ለጉባኤ ጥራዝ የሚደረጉት 1.7 በመቶ ብቻ፣ በማኅበራዊና በሰብዓዊ ጥናቶች ደግሞ 2.5 በመቶ መሆናቸውን አሳዩ። በኮምፒውተር ሳይንስ ግን ድርሻው ወደ 20 በመቶ ይጠጋል። ይህ ልዩነት የመጣው ጉባኤ በየዘርፉ የተለየ ሥራ ስለሚሠራ ነው። የኮምፒውተር ሳይንስ ሰው አዲስ ውጤቱን የሚያሳትመው በጉባኤ ሲሆን፣ የታሪክ ሰው ብዙውን ጊዜ በጉባኤ ያቀረበውን ሐሳብ ከዓመታት በኋላ በመጽሐፍ ያወጣዋል። ጥናቱ በተጨማሪ የጉባኤ ጽሑፍ ከሌላው የሳይንስ ጽሑፍ ይልቅ ፈጥኖ እንደሚያረጅ ተገንዝቧል። ለኢትዮጵያ ጥናት ይህ የመጨረሻ አስተያየት አይሠራም፤ የጉባኤ ጥራዞቹ ከ60 ዓመት በኋላም ይጠቀሳሉ።

የመጀመሪያው ጉባኤ ከአፕሪል 2 እስከ 4 ቀን 1959 በሮም በሚገኘው የሊንቼይ ብሔራዊ አካዳሚ ተካሄደ። የጥራዙ ርዕስ በጣልያንኛ ነበር፤ የታተመውም በማግሥቱ ዓመት፣ በ1960 ነው። ሁለተኛው በጁላይ 1963 በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተካሂዶ በሚቀጥለው ዓመት በቤኪንግሃምና በኤድዋርድ ኡለንዶርፍ አዘጋጅነት ታተመ። ለቆጠራው የመጀመሪያው እንቅፋት ያለው እዚህ ላይ ነው። የማንቸስተር ጉባኤ ጽሑፎች የሴማዊ ጥናቶች መጽሔት 9ኛ ቅጽ አንደኛ ቁጥር ሆነው ወጡ። ያው ስብስብ "የኢትዮጵያ ጥናት" በሚል ርዕስ ራሱን የቻለ መጽሐፍም ሆኖ ተሰራጨ።

በዚያ ቅጽ መክፈቻ ላይ የሚገኘው የኢየሩሳሌሙ የቋንቋ ሊቅ ሃንስ ያዕቆብ ፖሎትስኪ ስለ አራማይክ፣ ስለ ሶርያኛና ስለ ግዕዝ የጻፈው አሥር ገጽ የማይበልጥ ጽሑፍ ነው። እንደ ኦሪትና ጣዖት ያሉ ቃላት ወደ ግዕዝ የገቡት በሶርያውያን መነኮሳት በኩል ነው የሚለውን የቆየ አስተያየት ፖሎትስኪ አልተቀበለውም፤ ብዙዎቹ ከአይሁድ አራማይክ የመጡ ናቸው አለ። ስለ ክርስትና አመጣጥ፣ ስለ ተሰዓቱ ቅዱሳንና ስለ ቤተ እስራኤል የሚጽፉ ሰዎች እስከዛሬ ይህን ጽሑፍ ሳይጠቅሱ አያልፉም። አንዱ ግን "የሴማዊ ጥናቶች መጽሔት፣ ቅጽ 9፣ 1964" ብሎ ይጠቅሰዋል፤ ሌላው "ቤኪንግሃምና ኡለንዶርፍ፣ የኢትዮጵያ ጥናት፣ 1964" ብሎ ያስቀምጠዋል። ኮምፒውተር ሁለቱን ሲያገኝ ሁለት ጽሑፎች አድርጎ ይይዛቸዋል፤ በመጽሔቱ በኩል የተመዘገበውም ጉባኤ መሆኑ ፈጽሞ ይጠፋል። ሁለተኛው ጉባኤ በኢትዮጵያ ጥናት ውስጥ ካመጣቸው ሐሳቦች እጅግ ከተጠቀሱት አንዱ የሆነው ይህ ጽሑፍ ስለዚህ በቁጥር ሲታይ የጉባኤ ፍሬ አይመስልም።

ሦስተኛው ጉባኤ በአፕሪል 1966 አዲስ አበባ ላይ ተካሄደ። የጋበዘው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ነበር። ተቋሙ በ1963 የተመሠረተው በሪቻርድ ፓንክረስት ዳይሬክተርነት ነው፤ የራሱን መጽሔትም በዚያው ዓመት ማሳተም ጀምሯል። ስድስት ኪሎ የሚገኘው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲው ከተሰጠ በኋላ ቤተ መጻሕፍቱና ሙዚየሙ እዚያ ተደራጁ። ጉባኤው ሦስት ቅጾች አወጣ፤ እነሱም ከ1969 እስከ 1970 ባሉት ጊዜያት ነበር የታተሙት። ይህ ጉባኤ ለኢትዮጵያውያን ምሁራን ያለው ትርጉም ከሌሎቹ ይለያል። ጉባኤው ለመጀመሪያ ጊዜ በሚጠናው አገር ተካሄደ፤ ጥራዙም በአዲስ አበባ ታተመ። የውጭ ቤተ መጻሕፍት በአውሮፓ የታተሙትን ጥራዞች በቀላሉ ሲያገኙ አዲስ አበባ ላይ የታተመውን ለማግኘት ግን ብዙ ይቸገሩ ነበር። አንድ ጽሑፍ የሚጠቀሰው መጀመሪያ ሲገኝ ነውና ይህን ሁኔታ ሳያስታውስ የሮምንና የአዲስ አበባን ጥራዝ በማጣቀሻ ብዛት የሚያወዳድር ሰው ስለ ይዘቱ ሳይሆን ስለ መጽሐፍ ሥርጭቱ እየተናገረ ነው።

አራተኛው ጉባኤ በአፕሪል 1972 ተመልሶ ሮም ላይ ተካሄደ፤ ጥራዙም በ1974 በሊንቼይ አካዳሚ ታተመ። አምስተኛው ለሁለት ተከፈለ። የመጀመሪያው ክፍል በዲሴምበር 1977 በፈረንሳይ ኒስ ከተማ፣ ሁለተኛው በአፕሪል 1978 በቺካጎ ተደረገ። የቺካጎው ጥራዝ በሮበርት ሄስ አዘጋጅነት በ1979 ሲወጣ የኒሱ በጆሴፍ ቱቢያና አዘጋጅነት በ1980 ሮተርዳም ላይ ታተመ፤ የኋለኛው ክፍል ከፊተኛው ቀደመ ማለት ነው። የኒሱ መጽሐፍ ርዕስ ደግሞ "ዘመናዊት ኢትዮጵያ" ነው። የጉባኤው ስምና ቁጥር በሽፋኑ ላይ ቀዳሚውን ቦታ ስላልያዙ ብዙ ተመራማሪዎች መጽሐፉን እንደ ማንኛውም የአዘጋጅ ስብስብ ይጠቅሱታል።

ከዚህ በኋላ የሕትመቱ ቅደም ተከተል ጨርሶ ይታወካል። ስድስተኛው ጉባኤ በ1980 በቴል አቪቭ ተካሂዶ በጌዴዎን ጎልደንበርግ አዘጋጅነት የታተመው በ1986 ነው። ሰባተኛው በ1982 በስዊድን ሉንድ ተካሂዶ በስቬን ሩበንሰን አዘጋጅነት በ1984 ታተመ። በ1985 ዋቢ የሚያዘጋጅ ሰው ሰባተኛውን ጉባኤ ከመደርደሪያ ሲያነሣ ስድስተኛውን ገና አያገኝም ነበር። ስምንተኛው አዲስ አበባ ላይ የተካሄደው በኖቬምበር 1984 ሲሆን፣ ያኔ የኢትዮጵያ ረሀብ በዓለም ዜና ማሰራጫዎች ዘንድ ከታወቀ ጥቂት ሳምንታት ነበሩ። ጥራዙ በታደሰ በየነ አዘጋጅነት በ1988 እና በ1989 ወጣ። ዘጠነኛው በ1986 በሞስኮ ተካሂዶ በናውካ ማተሚያ ቤት በ1988 ታተመ። የሞስኮው አዘጋጅ "ኮንግረስ" የሚለውን መጠሪያ ሲመርጥ ሌሎቹ "ኮንፈረንስ" ብለዋል፤ የሮም ጉባኤዎች ሁለት ጥራዞች ደግሞ እርስ በርሳቸው እንኳ ስም ይለያያሉ። በስም ብቻ የሚፈልግ ሰው ግማሹን ሊያጣ ይችላል።

እጅግ ግልጽ የሆነው ትርምስ በ1994 የታየው ነው። በኦገስት 1988 በፓሪስ የተካሄደው 10ኛው ጉባኤ የታተመው በ1994 ነው። 11ኛው በአፕሪል 1991፣ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥለው ከመውጣታቸው ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ አዲስ አበባ ላይ ተካሄደ፤ ጥራዙም በባሕሩ ዘውዴ፣ በሪቻርድ ፓንክረስትና በታደሰ በየነ አዘጋጅነት በ1994 ወጣ። በሴፕቴምበር 1994 በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተካሄደው 12ኛው ደግሞ በሃሮልድ ማርከስ አዘጋጅነት በዚያው ዓመት ታተመ። ስለዚህ በዋቢ ዝርዝር "1994" ተብሎ የተጻፈው ከስድስት ዓመት በፊት የተነገረ ሐሳብም፣ ደርግ ሊወድቅ ሲል የተጻፈ ጥናትም፣ በሽግግሩ ዘመን የተዘጋጀ ጽሑፍም ሊሆን ይችላል። በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ እነዚህ ስድስት ዓመታት ምን ያህል ረጅም እንደሆኑ ለሚያውቅ ሰው ሦስቱን በአንድ ዓመት ማሰለፍ ከባድ ስሕተት ነው።

የጊዜው ጉዳይ በሌላ በኩልም ይጎዳል። ጋርፊልድ ለመጽሔቶች ያወጣው የተጽዕኖ መለኪያ የሚሰላው ባለፉት ሁለት ዓመታት የወጡ ጽሑፎች ባስገኙት ማጣቀሻ ነው። የቴል አቪቩ ጉባኤ ጥራዝ በስድስት ዓመት ሲዘገይ፣ በቦታው የነበሩ ሰዎች ሐሳቡን ከጽሑፍ ቅጂ ይዘው ገና ሳይታተም ጠቅሰውታል፤ "ያልታተመ፣ በቴል አቪቭ የቀረበ" የሚል ማስታወሻ ግን በመዘርዝር ውስጥ ከታተመው ጋር አይገናኝም። ለኢትዮጵያ ጥናት የሚመቸው መስኮት ከሁለት ዓመት ይልቅ ቢያንስ ወደ ሃያ ዓመት ይጠጋል።

13ኛው ጉባኤ በዲሴምበር 1997 በጃፓን ኪዮቶ ተካሄደ። ካትሱዮሺ ፉኩይ፣ ኤይሴይ ኩሪሞቶና ማሳዮሺ ሺጌታ ያዘጋጁት ባለ ሦስት ቅጽ ጥራዝም በዚያው ዓመት ታተመ። ርዕሱ ኢትዮጵያን በሰፊው አካባቢ ውስጥ ማየት የሚል ሲሆን፣ ከአዘጋጆቹ አንዱ ኩሪሞቶ ሥራው በኢትዮጵያ ምዕራባዊ ድንበር በሁለቱም ወገን የሚዘልቅ ሰው ነው። ከጁባ በስተምሥራቅ ባሉት በፓሪዎችና በጋምቤላ አኙዋኮች ላይ ጥናት አካሂዷል። እንዲህ ያለ ጽሑፍ የሚጠቀሰው በሁለት ቤት ነው፤ የኢትዮጵያ ጥናት ሰዎችም የሱዳን ጥናት ሰዎችም ያነቡታል። በኢትዮጵያ ርዕስ ብቻ የሚቆጥር ሰው በጁባና በካርቱም የሚጻፈውን ያጣዋል።

ከሁሉም በላይ ግን ቆጠራውን የሚያዛባው የሰዎች ስም ነው። ምዕራባዊው መዘርዝር የጸሐፊን ስም የሚይዘው የቤተሰብ ስም አስቀድሞ የመጀመሪያውን ስም በአንድ ፊደል አሳጥሮ ነው። ኢትዮጵያዊ ደራሲ ግን የቤተሰብ ስም የለውም፤ ሁለተኛው ስም የአባቱ ነው። ባሕሩ ዘውዴ በዋቢ ዝርዝር መቀመጥ ያለባቸው በ"ባ" ሥር ሙሉ ስማቸው ተጽፎ ነው፤ መዘርዝሩ ግን "ዘውዴ፣ ባ." ብሎ ይመዘግባቸዋል። አንዱ ጸሐፊ በትክክል ሲጠቅሳቸው ሌላው በመዘርዝሩ ልማድ ሲያስገባቸው አንድ ሰው ሁለት ይሆናል። ሌሎች የአባት ስማቸው ዘውዴ የሆነና ስማቸው በ"ባ" የሚጀምር ሰዎች ካሉ ደግሞ ሁሉም አንድ ላይ ይጠራቀማሉ።

በላቲን ፊደል መጻፍ ሲጨመርበት ክፍፍሉ ይበዛል። የታሪክ ምሁሩ ታደሰ ታምራት ስማቸውን በላቲን ሲጽፉ የ"ሰ"ን ድምፅ የሚወክለውን ፊደል ሁለት ጊዜ ያደርጉት ነበር፤ የጉባኤ አዘጋጁ ታደሰ በየነ ስም ግን በብዙ ቦታ በአንዱ ይጻፋል። አንባቢ ይህን ሲያምታታ "ታደሰ" የሚለው ስም ሁለት የተለያዩ ምሁራንን ያቀላቅላል፤ "በየነ፣ ታ." ሲባል ደግሞ ሌላ ሦስተኛ ሰው ይመጣል። የምሁሩ የጌታቸው ኃይሌ ስምም በ"ቸ" ፊት አንድ ሆሄ ሲጨመርና ሲቀር ተለያይቶ ይገኛል። የሐምቡርጉ ኢንሳይክሎፒዲያ ኢትዮፒካ ከ2003 እስከ 2014 በአምስት ቅጽ ሲታተም ኢትዮጵያውያንን በራሳቸው ስም ማሰለፉ ለዘርፉ ትልቅ አገልግሎት ነበር። የጉባኤዎቹን ጥራዞችም በአንድ ወጥ ምህፃረ ቃልና በቁጥራቸው ይጠራቸዋል። በእያንዳንዱ የኢንሳይክሎፒዲያው ርዕስ መጨረሻ ያሉትን ዋቢዎች የሚቆጥር ሰው ከማንኛውም የንግድ መዘርዝር የተሻለ ንጹሕ ማስረጃ ያገኛል።

ዓመቱም የራሱ ችግር አለው። አማርኛ ሥራዎች በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲታተሙ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ይመጣል፤ ያንን ሳይለውጥ የሚጠቅስ ሰው አንዱን መጽሐፍ በሁለት ዘመን ያስቀምጠዋል። በአማርኛ የታተሙ መጻሕፍትና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ትምህርት ክፍል የቀረቡ የመጀመሪያና የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፎች የጉባኤ ጥራዞችን በብዛት ይጠቅሳሉ፤ ከእነዚህ ውስጥ ወደ ንግድ መዘርዝር የሚገባ ግን እምብዛም የለም። በዓለም ላይ የመጽሐፍ ማጣቀሻዎችን ለይቶ የሚይዘው መዘርዝር የወጣው በ2011 ብቻ መሆኑ ሲታሰብ፣ ኢትዮጵያዊው አንባቢ ጉባኤውን ምን ያህል እንደተጠቀመበት የሚነግር ቁጥር በባዕድ መዘርዝር ውስጥ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

ማጣቀሻ ከጉባኤው በዝምታ የሚጠፋበት ሌላ መንገድም አለ። ብዙ ጽሑፎች በጉባኤ ከቀረቡ በኋላ ተስተካክለው በመጽሔት ወይም በመጽሐፍ ይወጣሉ፤ በመጀመሪያው ግርጌ ማስታወሻ ላይ "ቀደም ሲል በጉባኤ የቀረበ" የሚል አንድ መስመር ይቀመጣል። ማጣቀሻው ለመጽሔቱ ይመዘገባል፤ ጉባኤው ምንም አያገኝም። ዴሬክ ዴ ሶላ ፕራይስ በ1963 ስለ "የማይታይ ኮሌጅ" የጻፈው ይህንን ነገር ነው፤ በአንድ ዘርፍ ውስጥ እርስ በርስ የሚገናኙ፣ ያልታተመ ሥራ የሚለዋወጡ ጥቂት ሰዎች እንዳሉ። የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ ለስድሳ ዓመታት እንዲህ ያለ ኮሌጅ ሆኖ ሠርቷል። ለብዙ ወጣት ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ከማኅደር ቤት ውጭ የውጭ ባለሙያ ከሚያገኙባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነበር።

ከ2000 ወዲህ ሕትመቱ መልኩን ለወጠ። 14ኛው ጉባኤ በ2000 አዲስ አበባ ላይ ተካሄደ፤ 15ኛው በ2003 በሐምቡርግ ተደርጎ በሲግበርት ኡሊግ አዘጋጅነት በ2006 ታተመ። 16ኛው በ2007 በኖርዌይ ትሮንድሃይም ተካሄደ። በ2009 የወጡት አራት ቅጾቹ ለማንኛውም አንባቢ በነፃ በኢንተርኔት ተለቀቁ። ጥራዙን ለመግዛት የማይችል የባሕር ዳር ወይም የጅማ መምህር ገጹን ከፍቶ ማንበብ ቻለ። 17ኛው በ2009 አዲስ አበባ፣ 18ኛው በ2012 ድሬዳዋ፣ 19ኛው በ2015 ዋርሶ፣ 20ኛው በ2018 መቐለ ተካሄዱ። በ2004 የመጣው ጉግል ስኮላር መጻሕፍትንና የጉባኤ ጥራዞችን ከሌሎቹ መዘርዝሮች ይልቅ በስፋት ስለሚይዝ ለዚህ ዘርፍ ቀርቦ ይታያል። የስምና የርዕስ ክፍፍሉ ግን እዚያም አለ፤ ጥራዝ እንዳለ በአንድ ሰነድ ሲለቀቅ ደግሞ ጽሑፎቹ ለየብቻቸው መታየት ያዳግታቸዋል።

ስለዚህ በኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ ላይ ሊታመን የሚችል ቆጠራ የሚሠራው በእጅ ነው። ከእያንዳንዱ ጥራዝ ማውጫ ተነሥቶ የጽሑፎቹ ዝርዝር ይዘጋጃል፤ ለእያንዳንዱ ጽሑፍ በላቲንና በግዕዝ ፊደል ሊጻፍ የሚችልባቸው ስሞች ሁሉ ይመዘገባሉ፤ የጉባኤው ዓመትና የሕትመቱ ዓመት በሁለት የተለያዩ ዓምዶች ይቀመጣሉ። ከዚያ ዋና ዋና መጻሕፍት፣ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም መጽሔት፣ ኤቲዮፒካ የተባለው የሐምቡርግ መጽሔት፣ የኢንሳይክሎፒዲያው ዋቢዎችና በስድስት ኪሎ ቤተ መጻሕፍት ያሉት የመመረቂያ ጽሑፎች በተራ ይነበባሉ። ጆን አቢንክ ከ1957 እስከ 1990 እና ከዚያ በኋላ የታተሙ ሥራዎችን የሰበሰበባቸው የመጻሕፍት ዝርዝሮች ለእንዲህ ያለ ሥራ መነሻ ሆነው ያገለግላሉ። በዚህ መንገድ ሲሠራ የፖሎትስኪ አሥር ገጽ የሁለተኛው ጉባኤ ሥራ ሆኖ ይመዘገባል፤ ከ1994ቱ ሦስት ጥራዞችም እያንዳንዱ ወደ ራሱ ዘመን ይመለሳል።